አግዳሚው ስንት ይሸከማል?
ለሰበካ ጉባኤያትና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ሕንፃ ለመሥራት የተነሣ ሰበካ ጉባኤ በመጀመሪያ ስብሰባው የሚነጋገረው ስለ ገንዘብ ነው። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቅጠል ቆርቆሮ፣ ስንት ግንድ እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል፤ ከምእመናን ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ይገመታል። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ወንጌል ያስተምራልና ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ከወጪው ጋር አብሮ ሊሰላ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሸክሙ ነው። ገንዘብ ቢያንስ ሥራው ይቆማል፤ የአግዳሚው አቅም ቢያንስ ግን ጣሪያው የሚወርደው ከሥሩ ባሉት ሰዎች ላይ ነው።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ አጥቢያዎች ዕቃ ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ ደጀ ሰላም፣ የአብነት ትምህርት ቤትና የካህናት ማረፊያ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ግንበኞችና አናጢዎች እጅ ነው። የእነዚህ ባለሙያዎች ልምድ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ልምድ በሚገባ የሚያውቀው ከዚህ በፊት ያየውን ስፋትና ያየውን ሸክም ነው። ቤቱ ከወትሮው በአንድ ሜትር እንዲሰፋ በተወሰነ ጊዜ፣ ወይም የሣር ክዳን በአፈር በተተካ ጊዜ፣ የቀድሞው ልምድ መልስ ላይኖረው ይችላል። በዚህን ጊዜ የሚረዳው ስሌት ነው። ስሌቱም መደመርና ማባዛት ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚደረስበት ነው።

አግዳሚ ሲጎብጥ በውስጡ ምን ይሆናል?

ለጋ የወይራ ቅርንጫፍ ወስደን በሁለት እጃችን ብናጎብጠው፣ በጎበጠው ወገን ያለው ልጥ ሲጨማደድ፣ በውጭ በኩል ያለው ደግሞ ሲወጠር እናያለን። ማጉበጡን ብንቀጥል ቅርንጫፉ መሰንጠቅ የሚጀምረው በተወጠረው ወገን ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ የተጋደመ አግዳሚም ሸክም ሲያርፍበት እንዲሁ ይሆናል። የላይኛው ክፍል ይታመቃል፤ የታችኛው ክፍል ይወጠራል። ከላይ ወደ ታች ስንሄድ መታመቁ እየቀነሰ፣ በወገቡ ላይ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ከዚያ በታች መወጠሩ ይጀምርና እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ እየጨመረ ይሄዳል።

ስለዚህ በአግዳሚው ወገብ ላይ ያለው እንጨት መጉበጥን ለመቋቋም ብዙ አይሠራም። ዋናውን ድካም የሚሸከሙት የላይኛውና የታችኛው ጠርዞች ናቸው። በእነዚህ ጠርዞች በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል የመጉበጥ ውጥረት ይባላል። የስሌታችን ዓላማ ይህን ውጥረት ማወቅና እንጨቱ ሊችለው ከሚገባው ጋር ማነጻጸር ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ጣልያናዊው ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የአግዳሚን ጥንካሬ በስሌት ለመግለጽ ሞክሮ፣ ጥንካሬው ከቁመቱ ጋር እንዴት እንደሚያድግ በትክክል አመልክቷል። ነገር ግን የአግዳሚው ገጽ ሁሉ የሚወጠር መስሎት ስለ ነበር የደረሰበት መጠን ከእውነተኛው የበለጠ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ናቪዬ እ.ኤ.አ. በ1826 ባወጣው ትምህርት መታመቅና መወጠር የሚለያዩበትን መስመር በወገቡ ላይ አስቀምጦ ዛሬ የምንጠቀምበትን መንገድ አጸና።

የመጀመሪያው ቁጥር፦ የማጉበጥ ጉልበት

አግዳሚውን የሚያጎብጠው ነገር በሁለት ጉዳዮች ይወሰናል። አንደኛው በላዩ ያረፈው ሸክም ነው፤ ሁለተኛው በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህን ርቀት ከዚህ በኋላ ክፍተት እንለዋለን። ሸክሙ በአግዳሚው ላይ እኩል የተሰራጨ ከሆነ ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

የማጉበጥ ጉልበት = በአንድ ሜትር ርዝመት ላይ ያለው ሸክም × ክፍተት × ክፍተት ÷ 8

መሐንዲሶች ይህን ሞመንት ይሉታል። ክፍተቱ ሁለት ጊዜ መባዛቱን ልብ ይሏል። በአንድ ሜትር ላይ ያለው ሸክም እጥፍ ቢሆን የማጉበጥ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ክፍተቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ከ3 ሜትር ወደ 4 ሜትር ማስፋት በዓይን ሲታይ አንድ እርምጃ ነው፤ በስሌት ሲታይ ግን የማጉበጥ ጉልበቱ ከ9 ወደ 16 ያድጋል፣ ማለትም ወደ እጥፍ ይጠጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃዎችን በምድብ ሲለይ የ7 ሜትርን ክፍተት መለያ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሸክሙ በአንድ ነጥብ ላይ ካረፈ ጉዳቱ የከፋ ነው። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ደወል በ3 ሜትር አግዳሚ መካከል ቢሰቀል የሚፈጥረው የማጉበጥ ጉልበት፣ ያው 200 ኪሎ ግራም በአግዳሚው ሁሉ ላይ ቢሰራጭ ከሚፈጥረው እጥፍ ነው። ደወሉ ሲደወል ደግሞ መወዛወዙ ተጨማሪ ኃይል ያመጣል። ስለዚህ ደወል ከአግዳሚው መካከል ይልቅ ወደ ምሰሶው ተጠግቶ ቢሰቀል ይመረጣል።

ሁለተኛው ቁጥር፦ የቅርጽ አቅም

የማጉበጥ ጉልበትን የሚመክተው የአግዳሚው ቅርጽ ነው። ለአራት ማዕዘን አግዳሚ የቅርጽ አቅሙ እንዲህ ይሰላል፦

የቅርጽ አቅም = ስፋት × ቁመት × ቁመት ÷ 6

እዚህም ቁመቱ ሁለት ጊዜ ተባዝቷል። ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ እንውሰድ። በጠፍጣፋ ጎኑ ቢጋደም ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 10 ነውና አቅሙ 333 ይሆናል። ያው ጣውላ በጠባብ ጎኑ ቢቆም ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 20 ይሆንና አቅሙ ወደ 667 ይደርሳል። እንጨቱ አንድ ነው፣ ዋጋውም አንድ ነው፤ አናጢው ስላቆመው ብቻ እጥፍ ይሸከማል። እርግጥ በጠባብ ጎኑ የቆመ ጣውላ ወደ ጎን እንዳይገለበጥ በጫፎቹና በመካከሉ በሚገባ መያያዝ አለበት።

ከዚህ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። 10 በ10 የሆኑ ሁለት ጣውላዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ማስቀመጥ 10 በ20 የሆነ አንድ ጣውላ አያደርጋቸውም። ሸክም ሲያርፍባቸው አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጎብጣል። የሁለቱ አቅም ድምር 333 ብቻ ነው። እንደ አንድ እንዲሠሩ መንሸራተቱን የሚከለክል ጠንካራ ማያያዣ ያስፈልጋቸዋል፤ ጥቂት ምስማር ለዚህ አይበቃም።

ለክብ ግንድ ደግሞ ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

የቅርጽ አቅም = ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት ÷ 10 (በጥቂቱ ከፍ ያለ ግምት ስለ ሆነ ትክክለኛው ማባዣ 0.098 ነው)

ውፍረት ስንል ከዳር እስከ ዳር በመካከሉ የሚለካውን ማለታችን ነው። ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ፣ ከ16 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የወፈረ ግንድ አቅሙ ከ402 ወደ 786 ገደማ ከፍ ይላል። በተቃራኒው ክብ ግንድን ለማማር ብሎ አራት ማዕዘን አድርጎ መጥረብ አቅምን ይቀንሳል። ውፍረቱ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ እንዳለ ሲቀመጥ አቅሙ 1360 ገደማ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጣው ባለ 17 ሴንቲ ሜትር እኩል አራት ማዕዘን ግን 820 ገደማ ብቻ ነው። ለዓይን የማይታይ አግዳሚ ከሆነ ልጡን ልጦ፣ አድርቆ፣ ክቡን እንዳለ መጠቀም ይሻላል።

ሁለቱን ቁጥሮች ማገናኘት

ውጥረት = የማጉበጥ ጉልበት ÷ የቅርጽ አቅም

የማጉበጥ ጉልበቱ በኪሎ ግራምና በሜትር ከተሰላ፣ ከቅርጽ አቅሙ ጋር እንዲስማማ በ100 ተባዝቶ ወደ ሴንቲ ሜትር ይለወጣል። ውጤቱ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ስንት ኪሎ ግራም እንዳረፈ ይነግረናል።

እንጨቱ ስንት መሸከም አለበት? ጉድለት የሌለበት ደረቅ የባሕር ዛፍ ናሙና በቤተ ሙከራ ሲሰበር የሚታየው ውጥረት ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በቅጥራችን ያለው ግንድ ጉጥ አለው፣ ስንጥቅ አለው፣ እርጥበትና ምስጥ ያገኘዋል፤ ሸክሙንም ለሰዓት ሳይሆን ለዓመታት ይሸከማል። ስለዚህ ደረጃው በባለሙያ ላልተለየ እንጨት ለመጀመሪያ ምርመራ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ70 ኪሎ ግራም አለማለፍ ጥንቃቄ የተሞላበት ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ አምስተኛው ክፍል ስለ እንጨት አጠቃቀም የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሐንዲስ የመጨረሻውን ስሌት የሚሠራው እንዲህ ባለው ደንብ መሠረት ነው።

የአፈር ጣሪያ ምሳሌ

በሰሜኑ የሀገራችን ደጋ ህድሞ በመባል የሚታወቀው ቤት በድንጋይ ግድግዳ ላይ ግንድ ተጋድሞ፣ በግንዱ ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ ከላዩ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ ነው። ለቅዝቃዜም ለሙቀትም ይስማማል፤ ቁሳቁሱም ከአካባቢው ይገኛል። ሸክሙ ግን ከባድ ነው። አንድ አጥቢያ እንዲህ ያለ ጣሪያ ያለው ዕቃ ቤት ሊሠራ አሰበ እንበል።

የአፈሩ ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የራሰ አፈር አንድ ሜትር ኩብ ወደ 2000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 400 ኪሎ ግራም ያርፋል። ለግንዱና ለርብራቡ 40 ኪሎ ግራም ብንጨምር 440 ይሆናል። ግንዶቹ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢደረደሩ እያንዳንዱ ግንድ የሚሸከመው የግማሽ ሜትር ስፋት ነውና በአንድ ሜትር ርዝመቱ 220 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። የግንዱ ውፍረት 16 ሴንቲ ሜትር፣ አቅሙም 402 ነው።

ክፍተቱ 3 ሜትር ሲሆን፦ 220 × 3 × 3 ÷ 8 = 247.5፤ ይህ በ100 ተባዝቶ ለ402 ሲካፈል ውጥረቱ 62 ገደማ ይሆናል። ከ70 በታች ነውና ይበቃል።

ክፍተቱ 4 ሜትር ሲሆን፦ 220 × 4 × 4 ÷ 8 = 440፤ ውጥረቱ 109 ገደማ ይሆናል። ከልኩ እጅግ አልፏል። ያው ግንድ፣ ያው አፈር፣ ያው አናጢ ሆኖ ሳለ በአንዲት ሜትር ምክንያት ቤቱ ከሚታመን ወደማይታመን ተለወጠ።

ኮሚቴው አዳራሹን ማስፋት የግድ ከሆነበት ስሌቱ መንገዶችንም ያሳየዋል። ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ግንድ ቢጠቀም ውጥረቱ ወደ 56 ይወርዳል። ግንዶቹን በ50 ፈንታ በ30 ሴንቲ ሜትር ቢያቀራርብ ወደ 66 ይወርዳል። ከመካከል ግንዶቹን የሚደግፍ ተሸካሚ በምሰሶ ላይ አቁሞ ክፍተቱን ወደ 2 ሜትር ቢቀንስ ደግሞ ወደ 27 ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ግን ተሸካሚውና ምሰሶው የተሰበሰበውን ሸክም ስለሚቀበሉ ለብቻቸው ይሰላሉ። የትኛው እንደሚረክስ ከዚህ በኋላ የገበያና የቦታ ጉዳይ ነው። በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን የቀሩትን አሮጌ ጽዶችና ወይራዎች ለአግዳሚ ከመቁረጥ በፊትም፣ ቀጠን ያለ ባሕር ዛፍ ተቀራርቦ ቢደረደር ይበቃ እንደ ሆነ በዚሁ መንገድ ማወቅ ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የጥገናው ነገር ነው። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ልማዱ አዲስ አፈር መጨመር ነው። በጥቂት ክረምቶች ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ያን ጊዜ በካሬ ሜትር ያለው ሸክም 640 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በ3 ሜትር ክፍተት የነበረው ውጥረትም ከ62 ወደ 90 ገደማ ይወጣል። ሲሠራ ትክክል የነበረው ቤት ማንም አዲስ ሥራ ሳይሠራበት፣ በመልካም አሳብ በተደረገ ጥገና ብቻ ከልኩ አለፈ። ስለዚህ አዲስ አፈር ከመደልደሉ በፊት የዚያኑ ያህል አሮጌ አፈር ይውረድ።

ስለ ድንጋይና ስለ አርማታ

ድንጋይ ሲታመቅ ብርቱ ነው፤ ሲወጠር ግን ደካማ ነው። ስለዚህ የድንጋይ ጉበን በአጭር ክፍተት ላይ ይጸናል፤ በረጅም ክፍተት ላይ ግን ከሥሩ ይሰነጠቃል። በሰቆጣ አቅራቢያ ያለችው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከዓለት ስትፈለፈል ጠቢባኑ የእንጨት ሕንፃን መልክ በድንጋይ ላይ ቀርጸዋል። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የታነጸ ነው። በዋሻ ውስጥ በመሆኑ ዝናብ አያገኘውም፤ እንጨቱ ለዘመናት መቆየቱም ደረቅ አግዳሚ አቅሙን ጠብቆ እንደሚኖር ይመሰክራል።

አርማታም በዚህ ረገድ ድንጋይን ይመስላል። መወጠርን የመቋቋም ኃይሉ መታመቅን ከሚቋቋምበት ኃይል አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ፌሮ የሚገባበትም ምክንያት ይኸው ነው። በሁለት ድጋፎች ላይ በተጋደመ የአርማታ ቢም ውስጥ የሚወጠረው የታችኛው ክፍል ስለ ሆነ ዋናው ፌሮ በታች በኩል መቀመጥ አለበት፤ እንዳይዝግም በሚገባ በአርማታ ይሸፈን። ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ በተንጠለጠለ ሰገነት ግን የሚወጠረው የላይኛው ነውና ፌሮውም ወደ ላይ ይሆናል። አርማታ በሚሞላበት ቀን በላዩ የሚመላለሱ ሠራተኞች የሰገነቱን ፌሮ ረግጠው ወደ ታች ካወረዱት፣ ብረቱ ሁሉ በውስጡ እያለ ሰገነቱ ብረት እንደሌለው ይሆናል። በዚያ ቀን አንድ የኮሚቴ አባል ይህን ብቻ እየተመለከተ ቢውል መልካም ነው።

ከስሌቱ ጋር መታየት ያለባቸው

በክፍተቱ መካከል የአግዳሚውን የታችኛውን ጠርዝ አይብሱ፣ አይጥረቡ፤ ውጥረቱ የሚበረታው በዚያ ነውና። ትልቅ ጉጥ ያለበት ወገን ወደ ላይ ይዙር። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩት ጫፎች ከመካከሉ ቀድመው ስለሚበሰብሱና ምስጥ ስለሚያገኛቸው በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ በስለት እየተወጉ ይፈተሹ። የተጎዳ ግንድ አቅም የሚሰላው ጤናማ ሆኖ በቀረው ውፍረት ብቻ ነው።

ጣሪያውን ለመከታተልም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአግዳሚው ሥር ከአንዱ ድጋፍ እስከ ሌላው ሲባጎ ወጥሮ፣ በመካከል ግንዱ ከሲባጎው ስንት እንደ ወረደ ለክቶ ከነቀኑ በመዝገብ መጻፍ ይበቃል። ልኬቱ በየዓመቱ እየጨመረ ከሄደ ሸክሙ ይቀነስ። በ4 ሜትር ክፍተት ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ቤቱ ተዘግቶ፣ ጊዜያዊ ምሰሶ በጥንቃቄ ቆሞለት ባለሙያ ይጠራ።

ይህ ሁሉ የመሐንዲስን ሥራ አይተካም። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት፣ ፎቅ ያለው ሕንፃና ማንኛውም የአርማታ ሥራ በባለሙያ ተነድፎ በወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሊፈቀድ ይገባል። ኮሚቴው ስሌቱን ማወቁ የሚጠቅመው ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው። ክፍተቱ ስንት ነው? በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ግራም ታስቧል? የአግዳሚው ቁመትና ውፍረት ስንት ነው? ውጥረቱስ ከልኩ ምን ያህል ያንሳል? የእነዚህ የአራቱ ጥያቄዎች መልስ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ከሕንፃው ሰነድ ጋር ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ ጣሪያውን ሊጠግን ወይም ቤቱን ሊያሰፋ የሚነሣው ኮሚቴ አግዳሚው ስንት እንዲሸከም ተደርጎ እንደ ተሠራ የሚያውቀው ከዚያ ገጽ ነው።